የነፋስ ምልክትና የመረብ ዕድል፦ ከመጽሐፈ ሔኖክ እስከ ወላይታ ውኃዎች

1. መግቢያ

ስለ አየር ጠባይ የሚነገረው ሥነ ቃላችን በአመዛኙ የአራሽ ነው። ዝናብ መቼ እንደሚጥል፣ ደመና ከየት እንደሚነሣ፣ በረዶ በየትኛው ወር እንደሚፈራ የሚናገሩ ብሂሎች፣ እንጉርጉሮዎችና ጸሎቶች በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎችም ሆነ በመምህራን ጥናቶች ቦታ አግኝተዋል። ፈቃደ አዘዘ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት፣ በድርቅና በረኀብ ዘመን የተነገሩ ቃል ግጥሞችን የመረመረው መጽሐፍ የዚህ ዓይነቱ ሥራ ጉልህ ምሳሌ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ ድምፅ እጅግ አነስተኛ ቦታ ይዟል፤ ይኸውም በሐይቅና በወንዝ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚያድረው ሰው ድምፅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በነፋስ አቅጣጫና በዓሣ ማስገር መካከል አለ የሚባለውን ዝምድና በታሪክና በሥነ ቃል ዓይን መመርመር ነው። ማዕከሉ ወላይታ ነው። የኦፋ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ገሱባን መነሻ ያደረግሁትም በውኃ ዳር ስላለች አይደለም። ገሱባ ከወላይታ ሶዶ በስተደቡብ ምዕራብ የምትገኝ፣ እንሰት፣ ስኳር ድንችና በቆሎ የሚመረትበት አገር ከተማ ናት። ነገር ግን ወላይታ በሁለት ውኃዎች መካከል ያለ አገር ነው። በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ የአባያ ሐይቅ፣ በምዕራብ ደግሞ የኦሞ ወንዝ ይገኛሉ። የደጋው ምንጮችም ወደ እነዚህ ወደ ሁለቱ ተከፍለው ይወርዳሉ። ከሁለቱ አንዱ ለብዙ ትውልድ ሲቀዘፍበት የኖረ ሐይቅ ነው፤ ሌላው በዘመናችን በግድብ ምክንያት ሐይቅ የሆነ ወንዝ ነው። አንዱ የነፋስ ትውፊት አለው፤ ሌላው ገና የለውም። ገሱባ ላይ ሆኖ ወደ ሁለቱም የሚመለከት ሰው የጽሑፉን ጥያቄ በቀላሉ ይረዳዋል።

የምከራከርለት ሐሳብ አጭር ነው። ስለ ነፋስና ስለ ዓሣ የሚነገር ቃል የሁሉም አገር ሕግ አይደለም፤ የአንድ ዳርቻ፣ የአንድ ወቅትና የአንድ ዓይነት ታንኳ ዕውቀት ነው። ከእነዚህ ተነጥሎ ሲመዘገብ አጉል እምነት ይመስላል፤ ከእነዚህ ጋር ሲመዘገብ ግን የታሪክ ምንጭ ይሆናል።

2. በመጽሐፍ የተጻፈው ነፋስ

በአገራችን የጽሑፍ ትውፊት ስለ ነፋስ አቅጣጫ በዝርዝር ከሚናገሩት ምንባቦች ዋነኛው በመጽሐፈ ሔኖክ ምዕራፍ 76 ይገኛል። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግእዝ ብቻ እንደሆነ የታወቀ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎችን ወደ አውሮፓ ይዞ ተመለሰ፤ የአራማይክ ቁርጥራጮቹም በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በቁምራን ዋሻዎች ተገኙ። በዚህ ምዕራፍ ሔኖክ በምድር ዳርቻ ዐሥራ ሁለት የነፋስ በሮችን ያያል፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ናቸው። ከአራቱ የበረከትና የሰላም ነፋሳት ይወጣሉ፤ ከስምንቱ ግን የጥፋት ነፋሳት። ዝናብ፣ ጠል፣ ውርጭ፣ ድርቅ፣ አንበጣ ሁሉም በር በር አላቸው። ለእኛ ርዕስ የሚጠቅመው ግን ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው ነጥብ ነው፤ ክፉዎቹ ነፋሳት የሚያጠፉት በምድር ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን በውኃ ውስጥ ያለውንም ጭምር እንደሆነ ምንባቡ ይገልጻል። ስለዚህ ነፋስና የውኃ ፍጥረት የተያያዙ ናቸው የሚለው ሐሳብ በግእዝ መጻሕፍታችን ውስጥ የቆየ ነው።

ይሁን እንጂ የሔኖክ ነፋስ የሰማይ ሥርዓት እንጂ የአንድ ሐይቅ ነፋስ አይደለም። ከዚህ ጋር የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 12 ማስተያየት ይጠቅማል። በዚያ ምዕራፍ ሕዝቡ ደመና ከምዕራብ ሲወጣ ዝናብ እንደሚመጣ፣ ነፋስ ከደቡብ ሲነፍስ ሙቀት እንደሚሆን ለይተው እንደሚያውቁ ተነግሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በፍልስጥኤም ምድር ምዕራብ ባሕር ነው፣ ደቡብ ደግሞ በረሃ ነው። የነፋሱ ትርጉም ከመልክዓ ምድሩ የተወሰደ ነው። ይህን ምልክት አንሥቶ ወደ ወላይታ የሚያመጣ ሰው ቃሉን እንጂ ዕውቀቱን አላመጣም።

የእንግሊዝ አገር ምሳሌም ይህንኑ ያጠናክራል። አይዛክ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1653 በሎንዶን ባሳተመው ዝነኛ የዓሣ ማጥመድ መጽሐፍ ውስጥ የደቡብ ነፋስ ለአጥማጅ ከሁሉ የተሻለ፣ የምዕራቡ ሁለተኛ፣ የምሥራቁ ደግሞ ከሁሉ የከፋ እንደሆነ የሚነገረውን ይዘግባል። በዚያ አገር የምሥራቅ ነፋስ በብዛት ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ የደቡብና የምዕራቡ ለስላሳና እርጥብ ነው። ዋልተን ግን በዚህ አላበቃም። ነፋስን ሲጠባበቅ መዝራቱን ስለሚተው ገበሬ መጽሐፈ መክብብ የሚናገረውን አንሥቶ፣ ስለ ነፋስ ከልክ በላይ የሚጨነቅ አጥማጅም ትንሽ አጉል አማኝ እንደሚሆን ያስገነዝባል። ትውፊቱን ይመዘግባል፤ በዚያው ገጽ ላይም ይጠይቀዋል። ለሥነ ቃል አጥኚ ጥሩ አርአያ ነው።

3. የአራሹ ነፋስና የቀዛፊው ነፋስ

በአማርኛ ተናጋሪው የገጠር ሕይወት ነፋስ በግልጽ የሚፈለግበት ቦታ አውድማ ነው። የተወቃው እህል በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ሲበተን ገለባውን ከፍሬው የሚለየው ነፋስ ነው። ነፋስ የጠፋበት ቀን ሥራ የፈታበት ቀን ነው። የቀዛፊው ጉዳይ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ለአራሹ በረከት የሆነው የከሰዓት ነፋስ በሐይቅ ላይ ላለ ሰው ሥጋት ነው። አንድ ቃል ለሁለት ሙያዎች ሁለት ትርጉም አለው። የሰበሰብነው የአየር ጠባይ ሥነ ቃል የአንዱን ትርጉም ብቻ የያዘው ለምንድን ነው?

መልሱ በከፊል ማኅበራዊ ነው። የጣና ሐይቅ ወይጦዎች ለዘመናት በደንገል ታንኳ ሲቀዝፉ፣ ዓሣ ሲያሰግሩና ጉማሬ ሲያድኑ የኖሩ ናቸው። የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ምክንያት በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ተገልለው፣ ማዕድም ጋብቻም ሳይጋሯቸው ኖረዋል። የቀድሞ ቋንቋቸውም ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። አንድ ቋንቋ ሲጠፋ ከሥራ ጋር የተጣበቁት ቃላት አብረው መሄዳቸው አይቀርም፤ የነፋስ፣ የሞገድና የደመና ስሞች እንዲህ ካሉት ቃላት ወገን ናቸው። በዚያ ቋንቋ ውስጥ ነፋስ በአቅጣጫው ይጠራ ነበርን፣ ወይስ በሚያደርሰው ጉዳት? አሁን ሊመልስልን የሚችል የለም። በማኅበረሰብ ውስጥ ዝቅ ተደርጎ የታየ ሙያ ቃሉም ዝቅ ተደርጎ ይታያል፤ ዝቅ ተደርጎ የታየ ቃል ደግሞ መዝጋቢ አያገኝም።

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ያሳተመው መጽሐፍ በታንኳ ሐይቁን እየዞረ ያደረገውን ቅኝት ይዟል። የደንገል ታንኳ ጠባይ ራሱ የነፋስን ነገር ያስረዳል። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ታንኳው ከሥራ በኋላ ወደ የብስ ወጥቶ መድረቅ አለበት። ቀላልና ጎኑ ዝቅ ያለ በመሆኑም ሞገድ በላዩ ያልፋል። እንዲህ ባለ መጓጓዣ ላይ ስለሚቀመጥ ሰው ስናስብ፣ የነፋስ ምልክት አስቀድሞ የሚናገረው ዓሣ ስለመገኘቱ ሳይሆን ሰው ስለመመለሱ እንደሆነ እንረዳለን። ዛሬ ነፋሱ መጥፎ ነው ማለት ዓሣው አይበላም ማለት ብቻ አይደለም፤ ዛሬ መረቡ ጋ አይደረስም ማለትም ነው። ባዶ እጅ የመመለስ ምክንያት ብዙ ጊዜ ከዓሣው ሳይሆን ከታንኳው ነው።

ነፋስ ለዓሣ ምንም አይደለም ማለት ግን አይደለም። ክረምት አምጪው የደቡብ ምዕራብ አየር ሲበረታ ዝናብ ይከተላል፤ ወንዞች ይሞላሉ፤ በጣና የሚኖሩ በርካታ የዓሣ ዝርያዎችም እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ መገጭ ወንዞች አፍ ይጎርፋሉ። መረቡን በዚያ የሚዘረጋ ሰው ብዙ ያወጣል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ነፋሱ የመጀመሪያው ምልክት እንጂ ራሱ ምክንያቱ አይደለም። እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ሲገቡ፣ ይህ የመልካም ጊዜ ምልክት ለመራባት የተሰበሰበውን ዓሣ በብዛት መጨረሻ ሆነ። በቀጣዩ ዐሥርት ዓመት ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች ክፉኛ ተመናመኑ። ምልክቱ አልዋሸም፤ ነገር ግን ምልክቱ ለደንገል ታንኳ የተበጀ ነበር። የታንኳው አቅም ሲለወጥ የቃሉም ውጤት ተለወጠ።

4. አባያ፦ አንድ ነፋስ፣ ሁለት ዳርቻ

አባያ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በስፋት ቀዳሚው ነው፤ ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ወላይታ በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ድል ተነሥቶ ካዎ ጦና ከተማረኩ ጥቂት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ጣሊያናዊው ተጓዥ ቪቶሪዮ ቦተጎ እ.ኤ.አ. በ1896 ሐይቁ ዘንድ ደርሶ በጣሊያን ንግሥት ስም ማርጌሪታ ብሎ ሰየመው። ስሙ በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ካርታው የንግሥቲቱን ስም ጻፈ፤ በሐይቁ ላይ የሚቀዝፉት ሰዎች ለነፋሳቱ የሰጡትን ስም ግን አልጻፈም።

በሐይቁ ላይ ካሉት ደሴቶች አንዱ ጊዲቾ ነው። በዚያና በአካባቢው የሚኖሩት ሐሮዎች በዓሣ ማስገር፣ በጉማሬ አደንና ሰው በማሻገር ይታወቃሉ፤ ባይሶዎችም ተናጋሪዎቹ አነስተኛ የሆኑ የራሳቸው ኩሻዊ ቋንቋ አላቸው። በሐይቁ ምሥራቅ ጉጂዎች፣ በሰሜን ምዕራብ ወላይታዎች፣ በምዕራብ ጋሞዎች ይኖራሉ። ስለዚህ ስለ አንዱ ሐይቅ ነፋስ የሚነገረው ቃል በአንድ ቋንቋ ብቻ አይገኝም።

የአባያ ጠባይ ለነፋስ የተጋለጠ ነው። ሐይቁ በስምጥ ሸለቆው አቅጣጫ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጋ ስለሆነ በርዝመቱ የሚሄድ ነፋስ ረጅም መንገድ ያገኛል፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሞገዱ ይገዝፋል። ጥልቀቱም አነስተኛ በመሆኑ ሞገድ ጭቃውን ከወለሉ ያነሣዋል። እንደ ብላቴ ያሉት ወንዞች ከሚያመጡት ደለል ጋር ተዳምሮ ሐይቁ ቀይ ቡናማ መልክ ይዟል። ጭቃው ብርሃን ስለሚከለክል የዓሣ ምግብ የሚሆኑት ደቃቅ ዕፅዋት በአባያ እንደ ጎረቤቱ እንደ ጫሞ አይበዙም። ነፋስ እንግዲህ በዓሣ ላይ የሚሠራው ረቂቅ በሆነ ተአምር አይደለም፤ ውኃውን በማደፍረስ፣ ከላይና ከታች በማቀላቀል፣ ላዩን ውኃ ወደ አንዱ ዳር በመግፋት ነው።

እዚህ ላይ የጽሑፉ ዋና ማስረጃ ይመጣል። በወላይታ በኩል ባለው በሰሜን ምዕራቡ ዳርቻ የቆመን አስጋሪ እናስብ። ከምሥራቅ ወይም ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣ ነፋስ ሞገዱንና ተንሳፋፊውን ሁሉ ወደ እርሱ ዳር ያመጣል። ውኃው ይደፈርሳል፣ ከዳር መነሣት ያስቸግራል፤ ነገር ግን መቅዘፊያው ቢሰበርበት ነፋሱ ወደ አገሩ ይመልሰዋል። ከምዕራብ የሚነሣ ነፋስ ግን የተለየ ነው። የዳሩ ውኃ በነፋሱ ከለላ ውስጥ ስለሚሆን ጸጥ ብሎ ይታያል፤ መነሣት ቀላል ነው። አደጋው ያለው በዚሁ ጸጥታ ውስጥ ነው። ከቀላል እንጨት ታስሮ የተሠራውን መንሳፈፊያ ነፋሱ እየገፋ ወደ ሐይቁ መሐል ይወስደዋል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ሞገዱ አድጎ ይጠብቀዋል። አሁን በጉጂ በኩል በምሥራቁ ዳርቻ የቆመውን ሰው እናስብ። ያው የምዕራብ ነፋስ ለእርሱ ወደ ቤት መላሽ ነው፤ ያው የምሥራቅ ነፋስ ደግሞ ለእርሱ ወሳጅ ነው። በአንድ ሐይቅ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ አንዱ ነፋስ ሁለት ተቃራኒ ምልክት ይሆናል። ከሁለቱ ዳር ሁለት ተቃራኒ ቃል የሚሰማ ሰብሳቢ አንዱን ስሕተት ነው ብሎ ከጣለ ዕውቀቱን ራሱን ጥሏል።

ወቅትና ሰዓትም ሊዘነጉ አይገባም። በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ደረቅ አየር ያይላል፤ በበልግ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል እርጥብ የምሥራቅና የደቡብ ምሥራቅ አየር ይገባል፤ በክረምት የደቡብ ምዕራቡ ይበረታል። ከዚህ ትልቅ ሥርዓት በታች የቀኑ ሥርዓት አለ። ቀን የብስ ቶሎ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቅ ወደ የብስ ይሳባል፤ ሌሊት የብስ ሲቀዘቅዝ ከየብስ ወደ ሐይቅ ይመለሳል። መረብ ወደ ማታ ተጥሎ ጠዋት የሚነሣበት ልማድ ከዓሣው እንቅስቃሴ ጋር ብቻ ሳይሆን ከዚህ የቀን ሥርዓት ጋር አብሮ የሚሄድ ነው።

ከሰማዩ ሌላ ገበያውም የራሱ ዘመን አለው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር ነው፤ ገበያው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። በዐቢይ ጾም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፤ ዋጋውም ይጨምራል። ይህ ጊዜ ከበጋው አየር ወደ በልጉ አየር መሸጋገሪያ ላይ ይውላል፤ ነፋሱ አቅጣጫውን የሚለውጥበት፣ ድንገተኛ ዝናብ የሚነሣበት ወቅት ነው። ሰማዩ ቅር ሲል ገበያው ና ይላል። የነፋስ ምልክት እየታወቀ የማይታዘዙት ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ተመራማሪ መልሱን በእምነት መዳከም ብቻ ሊፈልግ አይገባውም፤ በዓሣው ዋጋም ውስጥ ይፈልግ።

5. ትውፊት የሌለው ውኃ

በወላይታ ምዕራባዊ ወሰን ያለው ታሪክ ሌላ ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ በወላይታና በዳውሮ መካከል የተሠራው፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለውና 1,870 ሜጋዋት ለማመንጨት የታቀደው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከኋላው የተኛው ውኃ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ከገሱባ ወደ ምዕራብ ወርዶ በገደል መካከል የሚሮጥ ወንዝ ያይ የነበረ ሰው ዛሬ የሚያየው የተኛ ውኃ ነው።

ለሥነ ቃል ጥናት ይህ ብርቅ አጋጣሚ ነው። ሐይቅ አለ፣ ዓሣ አለ፣ ከእርሻ ወደ ውኃ የሚወርዱ ወጣቶች አሉ፤ የቆየ የነፋስ ቃል ግን የለም። የአባያ ቃል እዚያ ሊሠራ አይችልም። አባያ ሰፊና ገላጣ ነው፤ ይህ ውኃ ጠባብና በገደል የታጠረ ነው። በእንዲህ ያለ ሸለቆ ውስጥ ነፋስ ሸለቆውን ተከትሎ ቀን ወደ ላይ፣ ሌሊት ወደ ታች የመሄድ ጠባይ አለው፤ ምሥራቅና ምዕራብ የሚለው ክፍፍል ብዙም አይረዳም። የግድብ ውኃ ደግሞ ከፍና ዝቅ ይላል፤ አምና ዳር የነበረው ዘንድሮ ጥልቅ ሊሆን ይችላል። የእርሻ ትውፊት ብቻ ይዞ ወደ እንዲህ ያለ ውኃ የሚወርድ ሰው ነፋስን የሚያውቀው ከማሳ ነው። በማሳ ላይ የተሳሳተ ሰው ምርት ይጎድልበታል፤ በውኃ ላይ የተሳሳተ ሰው ግን ላይመለስ ይችላል።

የቆዩትም ሐይቆች ቢሆኑ ባሉበት አልቆሙም። እምቦጭ የሚባለው አረም እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በጣና ላይ ጎልቶ ታይቷል፤ በአባያም ይገኛል። አረሙ ሥሩን መሬት ውስጥ ስለማይተክል ነፋስ እንደ ምንጣፍ እየጠቀለለ ከዳር ወደ ዳር ይወስደዋል፤ መረብ ይውጣል፣ የጀልባ መውጫ ይዘጋል። በዚህ ምክንያት የነፋስ አቅጣጫ ለአስጋሪው አዲስ ትርጉም አግኝቷል፤ ነገ እምቦጩ የት ያድራል የሚለው ጥያቄ ዛሬ ነፋሱ ወዴት ነው ከሚለው ጋር ታስሯል። ሥነ ቃል የጥንት ነገር ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው። አዲስ ምልክት በዓይናችን ፊት ሊወለድ ይችላል፤ የሚጠብቀው መዝጋቢ ብቻ ነው።

የአየር ትንበያ በራዲዮና በስልክ ይደርሳል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ትንበያው ስለ ሰፊ አካባቢ ይናገራል፤ ስለ አንድ ዳርቻ የከሰዓት ሽውታ አይናገርም። የትንበያውና የዳርቻው ቃል አንዱ የሌላው ጠላት ሊሆን አይገባም፤ አንዱ የቀረውን ሌላው ይሞላል።

6. ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የነፋስ አቅጣጫ ብቻውን ዓሣ አያመጣም፣ አያርቅም፤ አቅጣጫው የወቅት፣ የሰዓትና የዳርቻ አጭር ስም ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ነፋስ የሚነገረው ቃል በመጀመሪያ የደኅንነት ቃል ነው፤ የምርት ቃል የሚሆነው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ሦስተኛ፣ ይህ ቃል ከመዝገብ የጎደለው ስለሌለ ሳይሆን ባለቤቶቹ በማኅበራዊ መሰላል ላይ ዝቅ ተደርገው በመቆየታቸው ነው።

ለተማሪዎቻችን የሚተርፈው ሥራም ከዚህ ይመነጫል። የነፋስ ብሂል ለመሰብሰብ የሚወጣ ሰው ቃሉን ብቻ ጽፎ መመለስ የለበትም። ተናጋሪው በየትኛው ዳር እንደሚኖር፣ በምን እንደሚቀዝፍ፣ በየትኛው ወርና ሰዓት ስለሚነሣ ነፋስ እንደሚናገር፣ ስለ ቆሮሶ፣ ስለ አምባዛ ወይም ስለ ናይል ፐርች መሆኑን አብሮ ይጻፍ። አቅጣጫውንም በትምህርት ቤት ቋንቋ ብቻ አይጠይቅ፤ ነፋሱ ወዴት ነው ሲባል አንዱ የመጣበትን፣ ሌላው የሚሄድበትን ሊነግረው ይችላል። ቃሉንም በተናገሩት ቋንቋ፣ በወላይትኛ፣ በጋሞኛ፣ በጉጂ ኦሮምኛ ወይም በባይሶ ይመዝግብ፤ የአማርኛው ትርጉም ከዚያ ይከተላል።

ከሁሉ በፊት ግን ወደ ኦሞ በኩል መውረድ ይገባል። በጣና ዳር የዘገየነው ቋንቋው ከጠፋ በኋላ ነው፤ በአባያ ዳር ገና ሽማግሌዎች አሉ። በአዲሱ ውኃ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ትውልድ ነፋሱን ዛሬ እየተማረ፣ ለተማረውም ስም እያወጣ ነው። አንድ የነፋስ ስም ሲወለድ ቆሞ የማየት ዕድል የሥነ ጽሑፍ ክፍሎች ብዙ ጊዜ አያገኙም፤ በወላይታ ሶዶና በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች ላሉ ተማሪዎች ይህ ዕድል ከደጃቸው ብዙ ሳይርቅ ተቀምጧል።